አንዲት ጠባብ ቀዳዳና ትንሽ ግፊት፦ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለኩ መሳሪያዎች እንዴት ነው የሚሰሩት?

መኪና ነዳጅ ሲቀዳላት አይታችሁ ከሆነ ታንኩ ሊሞላ ሲል መቅጃው በራሱ "ቀጭ" ብሎ ይዘጋል፣ የሚቀዳው ሰውዬ እጁን አንስቶ ወዲያ ማዶ እያየ ቢሆን እንኳ ይዘጋል። ለምን ተዘጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው "ሴንሰር አለዋ!" ነው የሚላችሁ። ልክ ነው፣ አለው። ግን ሴንሰር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሽቦና ባትሪ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ነገር ነው፣ እዚህ ውስጥ ግን ለዚህ ስራ ሽቦም የለም ባትሪም የለም። ያለችው ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ናት። በሚቀጥለው ጊዜ መቅጃ ስታዩ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት፣ ነዳጁ ከሚወጣበት ሰፊ አፍ ሌላ አንዲት ትንሽዬ ቀዳዳ ለብቻዋ ታገኛላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጁ መቅጃው ውስጥ ሲያልፍ መሀል ላይ መንገዱ ይጠብበታል፣ ፈሳሽ ደሞ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን እዛ ቦታ ላይ ግፊቱ ይወርዳል (ቬንቱሪ የሚባለው ይሄ ነው፣ ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ያሳተመው)። ግፊቱ ስለወረደ አየር መሳብ ይጀምራል፣ የሚስበው ደሞ በቀጭን ቱቦ በኩል ከዛች ጫፍ ላይ ካለችው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ክፍት እስከሆነች ድረስ አየሩ ዝም ብሎ ይገባል፣ ምንም አይፈጠርም። ነዳጁ ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲሸፍናት ግን አየሩ ይቋረጣል፣ መሳቡ ደሞ አልቆመም፣ ስለዚህ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ባንዴ ይበረታና ስሷን የጎማ ዲያፍራም ይጎትታታል፣ ዲያፍራሟ የእጀታውን መያዣ ታላቅቀዋለች፣ ስፕሪንጉ ቫልቩን ይዘጋዋል። በቃ ይሄው ነው። ጉልበቱን ከየት አመጣው ካላችሁ ከራሱ ከሚፈሰው ነዳጅ ነው። ናፍጣ ሲቀዳ አንዳንዴ ታንኩ ገና ሳይሞላ ቀጭ የሚለውም ለዚህ ነው፣ ናፍጣ አረፋ ይበዛዋል፣ አረፋው ቀድሞ ይደርስና ቀዳዳዋን ይደፍናታል፣ ለቀዳዳዋ ደሞ አረፋም ነዳጅም አንድ ናቸው፣ እሷ የምታውቀው አየር መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውን ብቻ ነው።

እኔ ስራዬ ከነዚህ ነገሮች ጋር ነው፣ የኢንስትሩመንት (የመለኪያ መሳሪያዎች) ቴክኒሻን ነኝ፣ እና ይሄን የምጽፈው ከልቤ የምወደው ነገር ስለሆነም ነው፣ ብዙ ወጣት ቴክኒሻኖች "ያረጀ ቴክኖሎጂ" ብለው ሳያዩት ስለሚያልፉም ነው። በፍሉይድ የሚሰሩ መለኪያዎች ስል ፈሳሽንም አየርንም ጋዝንም ማለቴ ነው፣ በአማርኛ ፈሳሽ ካልን አየሩ ይቀርብናል። እነዚህ መሳሪያዎች ውስጥ የሚፈሰው ነገር መልእክቱንም ይሸከማል ጉልበቱንም ይሰጣል። እና አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የሆነ ቦታ ላይ በጠባብ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሱት፣ ስለዚህ አንዱን መሳሪያ አውቀዋለሁ ለማለት መጀመሪያ "ይቺ ቀዳዳ ብትደፈን መርፌው ወዴት ይሄዳል?" የሚለውን መመለስ አለባችሁ። ይሄ ጥያቄ በፈተና ላይ የሚመጣ ዓይነት አይደለም፣ ሰው የሞተበት ጥያቄ ነው፣ እመጣበታለሁ።

በጣም ቀላሉ የፈሳሽ አምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1643 የጣሊያኑ ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ ባንድ በኩል የተደፈነ የመስታወት ቱቦ ሜርኩሪ ሞልቶ ሜርኩሪ ያለበት ሳህን ላይ ሲገለብጠው ሜርኩሪው ወረደና 76 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደግፎ የያዘው ሳህኑን ከላይ የሚጫነው የከባቢ አየር ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በ1648 ፓስካል የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ፒዩ ደ ዶም የሚባለው የፈረንሳይ ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሜርኩሪው ከስር ከነበረበት ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ፣ ከላይ የሚጫን አየር ቀንሷላ። የደም ግፊታችሁን ስትለኩ "120 በ80" የሚባለውም እስከዛሬ የሚሊሜትር ሜርኩሪ ቁጥር ነው፣ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ከሜርኩሪ አምድ ጋር ሲያገናኘው የጀመረ ነው። ለምን በውሃ አልተሰራም ካላችሁ ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 እጥፍ ይከብዳል፣ ያንን 120 በውሃ ብታሳዩት አምዱ ከ1 ሜትር ከ60 ይበልጣል፣ ቁመቱ ሰው ሊያክል ነው።

ከዛ ቀጥሎ የሚመጣው በየኮምፕረሰሩና በየጋዝ ሲሊንደሩ ላይ የምታዩት ክብ ጌጅ ነው፣ ውስጡ ያለው የቡርዶን ቱቦ ይባላል፣ ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 ፓተንት ያወጣበት። ከፍታችሁ ብታዩት ተጨፍልቆ እንደ ማጭድ የታጠፈ ባዶ የብረት ቱቦ ነው፣ አንዱ ጫፉ የተደፈነ። ግፊት ሲገባበት የተጨፈለቀው ሆዱ ክብ ለመሆን ይታገላል፣ ሲታገል ማጠፊያው ቀጥ ማለት ይፈልጋል፣ ጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፣ ያቺን ትንሽዬ እንቅስቃሴ ጥርሶቹ አባዝተው መርፌውን ያዞሩታል። የተጠቀለለ ልስልስ የውሃ ጎማ ውሃ ሲለቀቅበት እየተገላበጠ ለመዘርጋት ሲሞክር አይታችሁ ይሆናል፣ የሱ ዘመድ ነው። ስለዚህኛው ብዙ አልልም ምክንያቱም የምወደው ቀጥሎ ያለው ነው።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የለስላሳ መምጠጫ ስትሮው አፋችሁ ውስጥ አድርጉና ቀስ ብላችሁ እኩል ንፉ፣ ሳታቋርጡ። እየነፋችሁ የሌላ እጃችሁን ጣት ወደ ስትሮው ጫፍ ቀስ በቀስ አቅርቡ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ አምስት ሚሊሜትር ላይ ምንም፣ ሦስት ላይም ምንም፣ ከሁለት ሚሊሜትር በታች ስትገቡ ግን ጉንጫችሁ መወጠር ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ ጣታችሁ በጸጉር ያህል በቀረበ ቁጥር ጉንጫችሁ ያውቀዋል። ጣታችሁ ገና ስትሮውን አልነካውም! ለምን መሰላችሁ፣ አየሩ የሚያመልጠው በጣታችሁና በስትሮው አፍ መሀል ባለው ቀለበት መሰል ክፍተት ነው፣ ያ ክፍተት ከስትሮው ከራሱ አፍ ስፋት እስኪያንስ ድረስ አየሩን የሚያግደው ነገር የለም፣ ሂሳቡ ሲሰራ ክፍተቱ የአፉ ዲያሜትር ሩብ ላይ ሲደርስ ነው እኩል የሚሆኑት፣ 6 ሚሊሜትር ስትሮው ከሆነ 1.5 ሚሊሜትር ላይ ማለት ነው። ከዛ በታች የሚያዘው ጣታችሁ ነው። እናንተ አሁን አንድ የርቀት መለኪያ ሆናችኋል፣ ጉንጫችሁ ጌጅ ነው።

ይሄ ነው ፍላፐርና ኖዝል የሚባለው። ስትሮውን በአንድ ሚሊሜትር የማይሞላ አፍ ባለው ኖዝል ቀይሩት፣ ጣቱን በአንዲት ስስ ምላስ መሰል ብረት (ፍላፐሯ እሷ ናት)፣ ሳንባችሁን በኮምፕረሰር አየር፣ እና አንድ ሌላ ነገር ጨምሩ፣ ከኖዝሉ በፊት የሩብ ሚሊሜትር ያህል ቀጭን ቀዳዳ ያላት ኦሪፊስ፣ አየሩ በሷ በኩል ብቻ እየተቆነጠረ እንዲገባ። ከኦሪፊሷና ከኖዝሉ መሀል ያለው ክፍል እንደ ጉንጫችሁ ነው። ፍላፐሯ ስትቀርብ አየሩ መውጫ ያጣና ግፊቱ ይወጣል፣ ስትርቅ ያመልጥና ይወርዳል። ሙሉውን ከታች እስከላይ ለመሄድ ፍላፐሯ የምትንቀሳቀሰው ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ከጸጉር ክር ውፍረት ያነሰ። እ.ኤ.አ. በ1914 ፎክስቦሮ የሚባለው የአሜሪካ መለኪያ አምራች ኩባንያ ሰው ኤድጋር ብሪስቶል ነው ይሄን ያመጣው፣ ከዛ በኋላ ሙቀትም ይሁን ግፊት፣ ከፍታም ይሁን ፍሰት፣ የሆነ ነገር በትንሹ ፍላፐሯን መግፋት ከቻለ ወደ አየር ግፊት መቀየር ተቻለ።

ግን ችግር ነበረበት። በጣም ስሜታዊ ነው፣ ትንሽ ነካ ስታደርጉት ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፍታል ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ መሀል ላይ ማቆም ከባድ ነው። መፍትሄው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ እዛው ፎክስቦሮ ከሚሰራው ክሌሰን ሜሰን ነው፣ የሚወጣውን ግፊት መልሶ ወናፍ መሰል ቆርቆሮ ውስጥ ማስገባት፣ ወናፉ ሲነፋ ፍላፐሯን ወደመጣችበት እንዲመልሳት ማድረግ። አንጥረኛ ወናፍ ይነፋ የለ፣ እዚህ ግን ወናፉ ራሱ ነው ተነፍቶ የሚገፋው። አሁን ፍላፐሯ እዛችው ጋ እየተንቀጠቀጠች ትቆማለች፣ የሚለካው ነገር ባንድ በኩል ይገፋታል፣ ወናፉ በሌላ በኩል ይመልሳታል፣ እንደ ሚዛን በሉት፣ የምናነበው ሚዛኑን ለማስተካከል ስንት ግፊት እንዳስፈለገ ነው። እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ ከኖዝሉ ራሱ በላይ፣ ምክንያቱም የማይታመነውን መሳሪያ የሚታመን አደረገው።

ከመሳሪያው የሚወጣው የአየር ግፊት መልእክት (ሲግናሉ) ከ3 እስከ 15 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ የግፊት መለኪያ ነው) ነው የሚሄደው፣ በሜትሪክ ከ0.2 እስከ 1 ባር የሚጠቀሙ አሉ፣ የሚገባው አየር 20 ፒኤስአይ አካባቢ። አዲስ ሰው ሁሌ የሚጠይቀው ለምን ከ0 አይጀምርም ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው! ባዶ ታንክ 0 ፒኤስአይ ቢሆን ኖሮ የተቆረጠ ቱቦም 0 ነው፣ የጠፋ ኮምፕረሰርም 0 ነው፣ የትኛው እንደሆነ በምን ትለያላችሁ? 3 ፒኤስአይ ማለት "ባዶ ነው ግን እኔ በህይወት አለሁ" ማለት ነው፣ ከ3 በታች ከወረደ ታንኩን ትታችሁ ቱቦውን ፈልጉ። ኤሌክትሮኒክሱ ሲመጣም ይሄን ሀሳብ እንዳለ ወርሶታል፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር የሚባለው ሲግናል 3 ለ15 ካለው ጋር አንድ ዓይነት ንጽጽር ነው፣ ሁለቱም 1 ለ5። ማንበቡም ቀላል ነው፣ መሀሉ 12 ፒኤስአይ ስፋት አለው፣ 10 ሜትር ታንክ ላይ ጌጁ 6 ካለ 3 ቀንሱ፣ 3 ይቀራል፣ ከ12ቱ ሩብ ነው፣ ስለዚህ 2.5 ሜትር ፈሳሽ አለ።

ታንክ ካነሳን አይቀር በምንም የማይነካ ፈሳሽ እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ። አሲድ ወይም ዝቃጭ ያለበት ታንክ አስቡ፣ ውስጡ የምትከቱትን ሴንሰር ሁሉ ይበላዋል። ስለዚህ ሴንሰሩን አትከቱትም። ከላይ አንድ ቱቦ እስከታች ድረስ ታወርዱና በሱ በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ትለቁበታላችሁ፣ ከጫፉ ቡል ቡል እያለ አረፋ ይወጣል። አየሩ ከቱቦው ጫፍ ለመውጣት እዛ ጥልቀት ላይ ያለውን የፈሳሽ ጫና ማሸነፍ አለበት፣ ከዛ በላይ ግን አይጠራቀምም ምክንያቱም ይወጣላ፣ ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሁልጊዜ ከጥልቀቱ ጋር እኩል ነው። ውሃ ከሆነ ለያንዳንዱ ሜትር 9.8 ኪሎፓስካል፣ ወደ 1.4 ፒኤስአይ። ጌጁ ራቅ ብሎ ንጹህ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ይችላል፣ ፈሳሹን የሚነካው ቱቦው ብቻ ነው፣ እሱን ደሞ አሲድ ከማይበላው ነገር ትሰሩታላችሁ። ልብ በሉ ግን ይሄ መሳሪያ የሚለካው ክብደትን እንጂ ከፍታን አይደለም፣ የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ 1.84 እጥፍ ይከብዳል፣ ለውሃ በተሰራ ጌጅ ካነበባችሁት 1 ሜትሩን አሲድ 1.84 ሜትር ይላችኋል።

እዚሁ ላይ የደረሰብኝን ልንገር። የሆነ ጊዜ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስሰራ የአንድ ታንክ ጌጅ ከጠዋት ጀምሮ 90 ፐርሰንት ላይ ቆሟል፣ ፓምፑ ከታንኩ እያወጣ ነው፣ ሰዓታት አለፉ፣ መርፌው አይነቃነቅም፣ ኦፕሬተሩም "ጥሩ ነው ገና አለን" ይላል። እኔን የረበሸኝ ቁጥሩ ሳይሆን መርፌው ነው፣ ጤነኛ የአረፋ መለኪያ አረፋ በወጣ ቁጥር ትንሽ ነቅነቅ ይላል፣ ይሄኛው ግን እንደተሳለ ስዕል ነው። ወጥቼ ሳየው አረፋ የለም፣ የቱቦው አፍ ላይ ቅርፊት ጋግሮበታል፣ አየሩ መውጫ ስላጣ ውስጥ ተጠራቅሞ ታንኩ ሙሉ ነው እያለ ያወራል፣ ታንኩ ደሞ ከስር ሊደርቅ ነው፣ ትንሽ ብንቆይ ፓምፑ አየር ስቦ ይቃጠል ነበር። የአረፋ ቱቦ ከተደፈነ ወደላይ ነው የሚዋሸው። አየሩ ከተቋረጠ ወይም ቱቦው መሀል ላይ ከተሰበረ ደሞ በተቃራኒው ወደታች ይዋሻል፣ ባዶ ነው ይላችኋል፣ እናንተም ትሞሉታላችሁ፣ ይፈሳል። ሁለቱ ውሸቶች አንድ አይደሉም፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ያልኳችሁ ሰው የሞተበት ጥያቄ አሁን ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1732 ፈረንሳዊው ሄንሪ ፒቶ የታጠፈ ቱቦ ሴን ወንዝ ውስጥ አፉን ወደ ጅረቱ አዙሮ ከተተው፣ ወንዙ በፈጠነ ቁጥር ውሃው ቱቦው ውስጥ ከፍ ብሎ ወጣ፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ለሚሄድ ውሃ 5 ሴንቲሜትር፣ ለ2 ሜትር 20 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ከፍታው አራት እጥፍ ይሆናል። ዛሬ አውሮፕላን ሁሉ ፊት ለፊቱ ላይ ይሄን ቱቦ ይዟል። ፒቶ ቱቦው ከፊት የሚመጣውን ግፊት ይወስዳል፣ ጎኑ ላይ ያሉ ሌሎች ቀዳዳዎች ደሞ ዝም ያለውን የአየር ግፊት ይወስዳሉ፣ የሁለቱ ልዩነት ፍጥነት ነው፣ የጎኖቹ ብቻቸውን ደሞ ከፍታ ናቸው።

እሺ፣ የፊተኛው ቢደፈን መርፌው ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው ወደ ዜሮ ይላል። ቀዳዳው ከነውስጡ ባለ አየር ከታሸገ ግን እንደዛ አይደለም። ቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት እንደነበረ ይቀመጣል፣ አውሮፕላኑ ሲወጣ ደሞ የጎኑ ግፊት ይወርዳል፣ ስለዚህ ልዩነቱ ያድጋል፣ መሳሪያው "ፍጥነት እየጨመርክ ነው" ይላል። አውሮፕላኑ ከፍ እያለ ነው እንጂ ፍጥነት አልጨመረም። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1996፣ እንደፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ማለት ነው፣ የቢርገንኤር 301 በረራ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፖርቶ ፕላታ ሲነሳ የካፒቴኑ ፍጥነት መለኪያ ልክ እንደዚህ አድርጎ ነበር የዋሸው፣ አውሮፕላኑ ፒቶ ቱቦዎቹ ሳይሸፈኑ ለቀናት ቆሞ ስለነበር መርማሪዎቹ ነፍሳት ጎጆ ሰርተውበት ይሆናል ነው ያሉት። አውሮፕላኑ በጣም ፈጥኗል ተብሎ ታሰበ፣ በእውነቱ ግን ፍጥነት እያጣ ነበር፣ ባህር ውስጥ ወደቀ፣ 189 ሰው ሞተ። እዛው ዓመት ኦክቶበር 2 ደሞ ኤሮፔሩ 603 ከሊማ ተነሳ፣ እዚህኛው ላይ የተደፈኑት የጎን ቀዳዳዎቹ ናቸው፣ አውሮፕላኑ ሲጸዳ የተለጠፈባቸው ማጣበቂያ ፕላስተር ሳይነሳ ቀርቶ። ሌሊት ነው፣ ከስራቸው ባህር ነው፣ ከፍታውም ፍጥነቱም የማይታመን ሆነ፣ 70 ሰው አለቀ። ሁለቱም ቦይንግ 757 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኤር ፍራንስ 447 አደጋም የጀመረው ፒቶ ቱቦዎቹን የበረዶ ቅንጣት ለአጭር ጊዜ ሲደፍናቸው ነው፣ 228 ሰው። እነዚህን ሳስብ አንድ ቴክኒሻን መሸፈኛ ከማድረጉና ከማንሳቱ በፊት ቆም ብሎ ሊያይ ይገባዋል የምለው ለወሬ አይደለም።

ወደ ደስ የሚለው እንመለስ። ያቺው የስትሮውና የጣት ነገር በማሽን ሾፕ ውስጥ ከማይክሮን በታች ያለ ልዩነት ትለያለች፣ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው። ሶሌክስ የሚባለው የፈረንሳይ ካርቡሬተር አምራች ነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ ገበያ ያወጣት። የሞተር ሲሊንደር ውስጥ ምን ያህል ክብ እንደሆነ ለማወቅ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ይገባል፣ አየር በሁለቱም ይነፋል። ዘንጉ በትክክል መሀል ላይ ባይሆን እንኳ ችግር የለም፣ አንዱ ክፍተት ሲጠብ ሌላኛው በዛው ልክ ይሰፋል፣ ድምሩ ያው ነው። ብረቱን ስለማይነካው አይፍቀውም፣ ዘይትና ብናኝ ቢኖር ደሞ አየሩ ራሱ እፍ ብሎ ያነሳዋል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደሞ ነገሩ ሌላ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ማንኪያ ውሰዱና ጀርባውን ከቧንቧ በቀጭኑ ወደሚወርድ ውሃ አስጠጉት፣ ውሃው ማንኪያውን ተከትሎ ይታጠፋል፣ ይለጠፍበታል። በሩማንያዊው መሐንዲስ ሄንሪ ኮዋንዳ ስም የሚጠራው ነገር ነው። የአየር ጅረትም በሁለት ግድግዳ መሀል ብትለቁት ወደ አንዱ ይለጠፋል፣ ከጎን ትንሽ እፍ ካላችሁበት ወደ ሌላው ይዘላል፣ እዛው ይቆያል። ይሄ ምንድነው? ሁለት ቦታ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ አንድ ነገር ያስታውሳል፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ግን የለውም። የአሜሪካ ጦር የዳይመንድ ላብራቶሪ በ1960 ይሄን ይፋ ሲያደርግ ፍሉዊዲክስ የሚባል ዘርፍ ተወለደ፣ በአየር የሚያስቡ ማሽኖች ሊሰሩ ነው ተባለ። ሙቀት ለመለካት እንኳ ይሆናል፣ ጅረቱ ወዲያና ወዲህ የሚዘልበት ፍጥነት በድምጽ ፍጥነት ላይ እንዲመሰረት አድርጎ መስራት ይቻላል፣ ድምጽ ደሞ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ሲሄድ 1000 ዲግሪ ላይ ወደ 700 ይደርሳል፣ ስለዚህ ፉጨቱ ሲቀጥን ሙቀቱ ጨመረ ማለት ነው፣ ሽቦ በሚቀልጥበት ቦታ።

ታዲያ ለምን አልገዛም? ትራንዚስተሩና ቺፑ በየዓመቱ እያነሰና እየረከሰ መጣ፣ አየር ግን ከድምጽ ፍጥነት በላይ መልእክት ማድረስ አይችልም፣ 100 ሜትር ቱቦ ሲሶ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፣ ቱቦው እስኪሞላ ደሞ በተግባር ሴኮንዶች ይሆናል። አየሩም ስራ ቢኖርም ባይኖርም ሁሌ ይፈሳል፣ ኮምፕረሰሩ ያለማቋረጥ ይበላል። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፣ አንዳንድ መኪኖች ላይ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚረጨው ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለው በዚሁ ዘዴ ነው።

አየር የሚመረጥበትም ቦታ አለ። ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ጋዝ ባለበት ቦታ አየር ብልጭታ አይፈጥርም። ኤምአርአይ ክፍል ውስጥም ታማሚው እጁ ላይ የሚይዛት የጎማ ኳስ አለች፣ ሲጨንቀው ይጨብጣታል፣ አየሩ በቱቦ ተጉዞ ከውጭ ያለውን ማንቂያ ያስጮሀል፣ እዛ ማግኔት ውስጥ የሚረብሽ ሽቦ አላስፈለገም። በየፋብሪካው ያሉት ትልልቅ ቫልቮችም አሁንም በብዛት በአየር ነው የሚከፈቱት፣ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ሚሊአምፒር ቫልቩ ጋ ሲደርስ ወደ አየር የሚቀይረው ዕቃ ውስጥ ከፍታችሁ ብታዩ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ያችኑ የ1914ቷን ፍላፐርና ኖዝል ነው።

እና ለነዚህ ሁሉ ዋናው ጠላት ቆሻሻ ነው። የሩብ ሚሊሜትር ቀዳዳ በአንዲት የዘይት ጠብታና በትንሽ ዝገት ትደፈናለች። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ የሚሰጠው አየር ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ጤዛ የሚፈጥርበት ሙቀት ቦታው ከሚደርስበት ዝቅተኛ ሙቀት ቢያንስ 10 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይደረጋል፣ ካልሆነ ሌሊት ቱቦ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ይደፈናል። ያኔ ጌጁን እዩት። መግቢያዋ ኦሪፊስ ከተደፈነች አየር አይገባም፣ ኖዝሉ ግን ያለውን ያፈሳል፣ ግፊቱ ከ3 በታች ይወርዳል። ኖዝሉ ከተደፈነ ደሞ አየሩ ይገባል መውጫ ግን የለውም፣ ከ15 አልፎ ወደ 20 ይወጣል። የትኛዋ ቀዳዳ እንደታመመች መርፌው ራሱ ነግሯችኋል፣ ገና ክዳኑን ሳትከፍቱ። አንዳንዶቹ ላይ ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ስትጫኗት ቀጭን ሽቦ በኦሪፊሷ ውስጥ አልፋ ትጠርጋታለች። መርፌው ታች ወድቆ አግኝታችሁት ከሆነ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጓትና ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፣ መጀመሪያ ዝም ነው፣ ከዛ ኖዝሉ ጋ "ስስስ" የሚል ቀጭን ድምጽ ይመጣል፣ መርፌውም ከወደቀበት ተነስቶ 3ን ያልፍና ወደ ቦታው መሄድ ይጀምራል።